ያውቁ ኖሯል? የዱባይ ጉድ ተሰምቶ አያልቅም!

ከአዲስ አበባ ተነሥተው አራት ሰዓት ያህል ቢበሩ ዱባይ ይደርሳሉ። ዘመድ ያልሄደባት፣ ዕቃ ያልመጣባት ሰፈር የለም! ግን ከገበያዋ ባሻገር ምን ምን ጉድ እንደያዘች ያውቁ ኖሯል? ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንነግርዎታለን። ይከተሉን!

ቡርጅ ከሊፋ የተባለው ሕንጻ ቁመቱ 828 ሜትር ነው! አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ገደማ ነው። አራት እንደሱ ያሉ ቢደራርቡ ነው ከቡርጅ ከሊፋ ጫፍ የሚደርሱት!

ይህ ሕንጻ ሲሠራ፣ በሐሩሩ ወራት ኮንክሪት የሚሞላው ሌሊት ሌሊት ነበር። ቀን ከሞሉትማ ሙቀቱ ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል! ለዚያውም ሲቦካ በረዶ ይጨመርበት ነበር። በረሃ መካከል፣ በውድቅት ሌሊት፣ በበረዶ የተቦካ ሕንጻ!

የተቦካውን ኮንክሪት ደግሞ በቧንቧ እየገፉ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ አውጥተውታል! እስከዚያ ዘመን ድረስ ኮንክሪትን ያን ያህል ከፍታ የገፋ ማንም አልነበረም።

የፀሐይዋ ነገር ይብሳል! ታች ያለው ሰው ፀሐይ ገባች ሲል፣ ላይ ያለው ገና እያያት ነው። ስለዚህ በረመዳን ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያሉ ሰዎች ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ደግሞ ሦስት ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ የዱባይ የእስልምና ሊቃውንት ነግረዋቸዋል። አንድ ሕንጻ፣ ሦስት የማፍጠሪያ ሰዓት! ጉድ በል ጎንደር!

የሕንጻው መስታወቶች ከ24 ሺህ በላይ ናቸው። አንዴ አጥቦ ለመጨረስ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል!

ከአየር ማቀዝቀዣዎቹ የሚንጠባጠበው ውሃስ? አንድም ጠብታ አይባክንም! ተጠራቅሞ የግቢውን ዛፎች ያጠጣል።

ስሙም ቢሆን ታሪክ አለው። ግንባታው ሲካሄድ ዓመታት ሙሉ የሚጠራው ቡርጅ ዱባይ ተብሎ ነበር። ጥር 4 ቀን 2010 ማታ፣ በምረቃው ሰዓት፣ ስሙ በጊዜው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በነበሩት በሼክ ከሊፋ ስም ተቀየረ! ቡርጅ ዱባይ ሊመረቅ የሄደ እንግዳ ቡርጅ ከሊፋን መርቆ ተመለሰ።

148ኛ ፎቅ ላይ ለጎብኚ የሚከፈት መመልከቻ አለ። ከምድር 555 ሜትር! ሊፍቱ በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ስለሚወነጨፍ ጆሮዎ ጭው ይላል። ጀምበር ስትጠልቅ ማየት ካማርዎ ትኬቱ ይወደዳል። ጠዋት ይውጡ!

ከሥሩ ያለው ዱባይ ሞል ከ1,200 በላይ ሱቆች አሉት። ሱቁን ግን ለጊዜው ይተዉት። እዚያው ሞል ውስጥ 155 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የዳይኖሰር አጽም ቆሞልዎታል!

ጥቂት ራመድ ቢሉ ደግሞ ሻርክ ይጠብቅዎታል! 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ የያዘ ገንዳ ነው። ከእርስዎና ከሻርኩ መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረቱ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲያም ሆኖ ጥርት ብሎ ያሳያል!

ውጭ 45 ዲግሪ። ውስጥ ከዜሮ በታች! ሌላኛው ሞል፣ ሞል ኦቭ ዘ ኤምሬትስ፣ ከ2005 ጀምሮ የበረዶ ተራራ አለው። ካፖርትና ጫማ ተከራይተው ይንሸራተታሉ። እዚያው በረዶ ላይ ፔንግዊኖች ወዲህ ወዲያ ይላሉ!

ፓልም ጁሜይራ ባሕር ላይ የተሠራ፣ የዘንባባ ቅርጽ ያለው ደሴት ነው። 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ፈጅቷል!

አሸዋው ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ከበረሃው? በፍጹም! የበረሃ አሸዋ ነፋስ ሲያንከባልለው ስለኖረ ልሙጥ ነው፤ እርስ በርሱ አይያያዝም። ስለዚህ በአሸዋ የተከበበችው ከተማ አሸዋ ፍለጋ ባሕር ወረደች! መርከቦች ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየመጠጡ፣ ሽቅብ እየረጩ፣ የት ላይ እንደሚያርፍ ሳተላይት እየመራቸው ደሴቱን ቆለሉት።

ከማዕበል የሚጠብቀው የድንጋይ አጥር 11 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። 7 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ! ግን አጥሩ ዙሪያውን ሲዘጋው ውስጥ ያለው ውሃ መንቀሳቀስ አቆመ። ሊሸት ሆነ! ባሕሩ እንዲተነፍስ አጥሩ ላይ ክፍተት ተበጀለት።

ደሴቱ ላይ ቆመው ግን ዘንባባውን አያዩትም! መንገድና ቤት ብቻ ነው የሚታይዎት። ወደ ዘ ፓልም ታወር 52ኛ ፎቅ መመልከቻ ይውጡ። ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይዘረጉልዎታል!

ቡርጅ አል አረብ የተባለው ሸራ መሰል ሆቴል ከባሕሩ ዳር 280 ሜትር ገባ ብሎ፣ በሰው እጅ በተሠራ ደሴት ላይ ቆሟል። ከ1999 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል።

አናቱ ላይ የሄሊኮፕተር ማረፊያ አለ። በ2005 ሮጀር ፌደረርና አንድሬ አጋሲ እዚያ ላይ ቴኒስ ተጫውተውበታል! ኳሷ ከወጣች ማን ያመጣታል?

ይህ ካስገረመዎት የሚከተለውን ይስሙ! በ2023 አንድ ፖላንዳዊ አብራሪ ትንሽ አውሮፕላኑን እዚያው ማረፊያ ላይ አሳረፋት። የማረፊያው ስፋት 27 ሜትር ብቻ! ከዚያም ከጫፉ ተነሥቶ በረረ።

የዱባይ ሜትሮ ሾፌር የለውም! ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይቆማል። የተመረቀበት ሰዓት ደግሞ መስከረም 9 ቀን 2009፣ በእነሱ ሰዓት ከምሽቱ 9 ከ9 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ላይ ነው! ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ አለው። ማስቲካ እንዳያኝኩ! 100 ድርሃም ያስቀጣል።

ብዙዎቹ የአውቶቡስ ፌርማታዎቿ አየር ማቀዝቀዣ አላቸው! በር ተዘግቶ፣ ቀዝቀዝ እያለዎት አውቶቡስ ይጠብቃሉ።

የፖሊስ መኪና ሲያዩ አይደንግጡ። ቡጋቲ ነው! ላምቦርጊኒና ፌራሪም አሉ። ቡጋቲው በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል!

የወደፊቱ ሙዚየም የተባለው ሕንጻ መሐሉ ክፍት የሆነ ግዙፍ ቀለበት ነው። ውስጡ አንድም ምሰሶ የለም! ግድግዳውን የሞላው የዐረብኛ ጽሑፍ ጌጥ እንዳይመስልዎት። እያንዳንዱ ፊደል መስኮት ነው! ቀን ብርሃን በፊደሎቹ ይገባል፣ ማታ በፊደሎቹ ይወጣል። መሐሉ ለምን ክፍት ሆነ? ሰው ገና ያላወቀውን ነገር እንዲወክል ነው።

ዱባይ ፍሬም ደግሞ 150 ሜትር ቁመት ያለው ወርቃማ የፎቶ ክፈፍ ነው! በአንድ በኩል ሲያዩ አሮጌዋ ዱባይ፣ በሌላ በኩል ሲያዩ አዲሲቱ። ወደ እግርዎ ካዩ ደግሞ ወለሉ መስታወት ነው!

የመሐመድ ቢን ራሺድ ቤተ መጻሕፍት አትሮንስ ላይ የተዘረጋ መጽሐፍ ይመስላል። ከ2022 ጀምሮ ለአንባቢ ክፍት ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት አሉት!

መዋኘት ይወዳሉ? 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለልዎ! ከሥሩ የሰጠመ ከተማ ተሠርቶበታል። ክፍሎቹን፣ ዕቃዎቹን እያዩ ይቀዝፋሉ። 14 ሚሊዮን ሊትር ውሃ!

በ2016 ዱባይ በማተሚያ ማሽን የታተመ ቢሮ አቆመች! ወረቀት አይደለም፣ ቢሮ! ማሽኑ የሕንጻውን ክፍሎች በ17 ቀን አትሞ ጨረሰ።

በ2013 ደግሞ የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ለቀጠነ ሰው ወርቅ ሰጠ! ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ግራም።

የእንግሊዟ ንግሥት በ1967 መርቀው ባሕር ላይ የለቀቋት ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 የተባለችው መርከብ የት ያለች ይመስልዎታል? ዱባይ ወደብ ላይ ቆማለች! ከ2018 ጀምሮ ሆቴል ናት። አልጋ ይዘው ያድሩባታል።

ሚራክል ጋርደን የሚባለው የአበባ ቦታ በግዙፍ የኤሚሬትስ አውሮፕላን ልክ የተሠራ ቅርጽ በአበባ አልብሷል! የሚያጠጡት ደግሞ ተጣርቶ በተመለሰ የፍሳሽ ውሃ ነው። በሐሩሩ ወራት ይዘጋልና ተጠይቆ ይኬዳል።

ፎቆቹ መካከል ፍላሚንጎ! ራስ አል ኮር በሚባለው ረግረግ፣ በቅዝቃዜው ወራት ሮዝ ወፎች ተሰልፈው ቆመዋል። ከኋላቸው የቡርጅ ከሊፋ ጫፍ ይታያል!

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ከነዳጅ የመጣ ነው ብለው ያስቡ ነበር? ነዳጅ የተገኘው በ1966 ነው። ዛሬ ከከተማዋ ኢኮኖሚ የነዳጁ ድርሻ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም! ቀሪው ንግድ፣ ወደብ፣ አውሮፕላንና እንደ እርስዎ ያለ እንግዳ ነው።

በ1968 የሕዝቧ ቁጥር 60 ሺህ አይሞላም ነበር። ዛሬ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ! ከአሥሩ ነዋሪ ዘጠኙ ገደማ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ከነዳጅ በፊት የዱባይ እንጀራ ዕንቁ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል። እግሩ ላይ ድንጋይ፣ አንገቱ ላይ ዘንቢል! ድንጋዩ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ትንፋሹ ሲያጥር ገመዱን ይነቀንቃል፤ ጀልባ ላይ ያለው ባልደረባው ጎትቶ ያወጣዋል። በቀን ይህን ደጋግሞ፣ ለወራት! በ1930ዎቹ የጃፓን እርባታ ዕንቁ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሥራው ወደቀ።

አሮጌው አል ፋሂዲ ሰፈር መብራት ሳይኖር አየር ማቀዝቀዣ ነበረው! በየጣሪያው ላይ የቆሙት ማማዎች በአራት በኩል ክፍት ናቸው። ነፋስ ከየትም ቢመጣ ይዘው ቁልቁል ወደ ክፍሉ ይሰዱታል። ሥሩ ቆመው ይሞክሩት፤ ፊትዎ ላይ ይሰማዎታል! ይህ ሰፈር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሊፈርስ ጥቂት ነበር የቀረው።

እዚያው ሰፈር የቡና ሙዚየም አለ። የእኛም የቡና አፈላል ሥርዓት ተከብሮ ቦታ ተሰጥቶታል! እንዴት ደስ አይልም?

ግመሎች ሲሽቀዳደሙ ያያሉ፤ በጀርባቸው ላይ ግን ሰው የለም። ሮቦት ነው! ድሮ የሚጋልቡት ሕፃናት ነበሩ። እሱ መከልከሉ እሰየው ያሰኛል! ሮቦቱ ጥቂት ኪሎ ብቻ ይመዝናል፣ ባለ ቀለም ማሊያ ለብሷል፣ በእጁ ፈንታ የሚሽከረከር አለንጋ ተገጥሞለታል። የድምፅ ማጉያም አለው። ባለቤቱ ከሜዳው ጎን በመኪና እየከነፈ በሬዲዮ ይጮኻል። ግመሉ የጌታውን ድምፅ ከገዛ ጀርባው ሰምቶ ይፈተለካል!

ደይራ የወርቅ ገበያ ከ300 በላይ ሱቆች አሉ። አንዱ መስኮት ላይ ቀለበት ተቀምጧል። ክብደቱ 64 ኪሎ ገደማ! የየትኛው ጣት ነው?

እዚያ ገበያ የወርቁን ዋጋ አይከራከሩ። የዕለቱ የግራም ዋጋ ተለጥፎ ይታያል፤ ለሁሉም አንድ ነው። ክርክሩ የእጅ ዋጋው ላይ ነው! እሱን ይቀንስልኝ ይበሉ፤ ይቀንሳሉ።

ወርቁን አይተው ሲወጡ እንጀራ ቢያምርዎት አይጨነቁ። ደይራ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል!

እኛን ቢጠይቁን ግን የከተማዋ ትልቁ ደስታ አንድ ድርሃም ነው የሚያወጣው! አብራ የምትባለው የእንጨት ጀልባ ከደይራ ወደ ቡር ዱባይ ታሻግርዎታለች። ግድግዳ የላት፣ መስኮት የላት። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሞተሩ ዱ ዱ ዱ እያለ፣ የባሕሩ ሽታ እያወደዎት! ድርሃሟን ለባለ ጀልባው በእጁ ይሰጡታል። ከውዱ መግቢያ ሁሉ ይልቅ እቺ ትበልጣለች ብንል አልተጋነነም።

የሚሄዱት ከኅዳር እስከ መጋቢት ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ጥላ ሥር ሆነው እንኳ ከ40 ዲግሪ ያልፋል! ቅዳሜና እሑድ የእረፍት ቀን የሆነውም ከ2022 ወዲህ ነው፤ የገበያ ቀንዎን በዚያ ይቁጠሩ።

በመጨረሻም ለኪስዎ! የገዙት ዕቃ ላይ 5 በመቶ ግብር ከፍለዋል። ጎብኚ ከሆኑ ከዚያ ላይ አብዛኛው አየር ማረፊያ ላይ ይመለስልዎታል! ሲገዙ ፓስፖርትዎን ያሳዩ፣ ለግብር ተመላሽ እንዲመዘግቡልዎ ይጠይቁ። ደረሰኝዎንም እንዳይጥሉት!