ሳይጨረስ የቀረው የውድድር ዘመን

ከስድስት ዓመት በፊት ልጄን ልጠይቅ ለንደን ሄጄ ሦስት ወር ተቀምጬ ነበር። የምትኖረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በድሮው የመርከብ ወደብ አጠገብ፣ ከስተም ሀውስ በሚባል ሰፈር ነው። እሷና ባለቤቷ ማልደው ሥራ ስለሚገቡ የአሥር ዓመቱን የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ የእኔ ድርሻ ሆነ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ብሆንም የሰፈሩ ሰዎች አነጋገር ይፈጥንብኛል፤ ስለዚህ አስተርጓሚዬ እሱ ነበር።

እሱ ደግሞ ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ቴምዝ ወንዝን በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያቋርጥ ኬብል ካር አለ። በየቀኑ "እማማ፣ መቼ ነው የምንሄደው?" ይለኛል። ከፍታ ስለምፈራ "ነገ" እለዋለሁ።

መንገዱ እንዳይጠፋኝ የጎዳናዎቹን ስም እይዝ ነበር፤ ዊልኪንሰን፣ አትኪንሰን፣ ሆስኪንስ። የጦር መሪዎች ወይም የድሮ ሹማምንት ይሆናሉ ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዕድሜያቸው ወደ 90 የተጠጋ ጎረቤታችንን አጥራቸውን ተደግፈው ቆመው ስላገኘናቸው ጠየቅኋቸው። ሳቁና "ሁለቱ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ ሦስተኛው አወዳዳሪያቸው ነው። እዚህ እኮ ትልቅ ስታዲየም ነበረ" አሉን። ስታዲየሙ በ1928 ተከፍቶ በ1972 ተዘጋ፤ በቦታው መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ስማቸው ለመንገዶቹ ተሰጠ። (ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሳቸው ቤት ሻይ መጠጣት ልማድ ሆነብን።

ስፖርቱ ስፒድዌይ ይባላል። አራት ሞተረኞች በሞላላ መም ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ ሁልጊዜም የሚዞሩት ወደ ግራ ነው። አንዱ ውድድር አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው፤ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። የልጅ ልጄ ይህን ሊተረጉምልኝ ጀመረና አቋርጦ "ምንም ፍሬን የለውም?" ሲል መልሶ ጠየቃቸው። የለውም። በዚያ ዘመን መሙ ላይ የከሰል ቅሪት ይደለደል ስለነበር ጎማው አይቆነጥጥም ነበር። ሞተረኛው ኩርባው ጋ ሲደርስ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ ወደ ውጭ እያንሸራተተ፣ ግራ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ ይዞራል። ለዚህም ግራ ጫማው ሥር ብረት ይታሰራል። አንደኛ የወጣው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል፤ አራተኛው ባዶውን ይመለሳል። የምሽቱ ነጥብ ሁሉ ተደምሮ አሸናፊው ቡድን ይታወቃል።

"ከሁሉም የማይረሳኝ ሽታው ነው" አሉን። ሞተሩ የሚሠራው በሜታኖል ነበር፤ ማለስለሻው ደግሞ የጉሎ ዘይት ነው። ሲቃጠል ሽታው ስታዲየሙን ይሞላዋል። እናቴ ምጣድ የምታሰስበት ያው ጉሎ መሆኑን ስነግራቸው በተራቸው እሳቸው ተገረሙ።

ስፒድዌይ እንግሊዝ አገር የገባው ከአውስትራሊያ ነው። በ1928 መጀመሪያ ላይ ከለንደን ወጣ ብሎ ሃይ ቢች በተባለ ቦታ የተደረገውን ውድድር አዘጋጆቹ ካሰቡት በላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ አጥለቀለቀው። በዓመቱ ቡድኖቹ በሊግ መወዳደር ጀመሩ። የማንቸስተሩ ቤል ቩ ከ1933 እስከ 1936 አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1937 የጎረቤታችን ቡድን ዌስት ሃም፣ በ1938 ኒው ክሮስ አሸነፉ።

የዌስት ሃም ኮከብ አውስትራሊያዊው ብሉይ ዊልኪንሰን ነበር። በ1936 ዌምብሊ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ የተወዳደረባቸውን አምስቱንም ዙሮች አሸነፈ። ይሁን እንጂ ከማጣሪያው የተያዘ ነጥብ አብሮ ይደመር ስለነበር ሻምፒዮን የሆነው የአገሩ ልጅ ላዮኔል ቫን ፕራግ ነው፤ ዊልኪንሰን ሦስተኛ ወጣ። የልጅ ልጄ "ይሄማ ልክ አይደለም!" አለ። ሽማግሌውም "አባቴም እስኪሞት ድረስ እንደዚያ ነበር የሚለው" አሉት። በ1938 ግን ዊልኪንሰን በትከሻውና በአንገቱ መካከል ያለው አጥንት ተሰብሮ፣ እንደ ታሰረ ተወዳድሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እኛ ቤት ስለዚያ ዘመን ሲወራ የሰማሁት ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ አርበኞች ነው። በዚያው ጊዜ ለንደን ውስጥ አንድ ሕፃን የአባቱን እጅ ይዞ ሞተር ሊያይ ይሄድ እንደነበር አስቤው አላውቅም።

አባታቸው የወደብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ብዙም የማይናገሩ ሰው። እናታቸው ስታዲየሙን ረግጠው አያውቁም። እውነትም አደገኛ ስፖርት ነው፤ አጥንት ይሰበራል፤ መም ላይ የሞቱም አሉ። አባትና ልጅ ግን ሁልጊዜ አብረው ነበሩ። ልጁ በውድድሩ መርሐ ግብር ላይ ነጥቡን በእርሳስ ይመዘግባል፤ አባት ይደምራሉ። ቤት ሲገቡ ልጁ ወደ ደብተር ይገለብጠዋል።

ያንን ደብተር አየሁት። በ1939 ገጽ ላይ የአንደኛ ዲቪዚዮኑ ሰባት ቡድኖች በሕፃን እጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል፤ ቤል ቩ ከላይ ነው። እስከ ነሐሴ ድረስ ሠንጠረዡ በቁጥር ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ መስመሩ በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ቁጥር ግን የለበትም።

በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 የለንደንን ሕፃናት ወደ ገጠር ማሸሽ ተጀመረ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ልብሱ ላይ ታስሮለት፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብሉን ይዞ ባቡር ተሳፈረ። አባቱ ጣቢያው ላይ "ደብተሩን እንዳትጥለው፤ ስትመለስ እንሞላዋለን" አሉት። ሴፕቴምበር 3፣ በእኛ ነሐሴ 28 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ሊጉ በመካከሉ ቀረ፤ በዚያው ወር ሊደረግ የነበረው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜም ተሰረዘ። በማግስቱ ዓመት የጀርመን አውሮፕላኖች ወደቡን በቦምብ ደበደቡት። ዊልኪንሰንም በዚያው በ1940 ሲድኒ ውስጥ በመኪና መንገድ ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ።

አባትና ልጅ ግን ሁለቱም ተረፉ። በ1946 ሊጉ እንደገና ተጀመረ፤ ዌስት ሃምም ተመለሰ። የታሪኩን መልካም መጨረሻ ልሰማ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"16 ዓመቴ ነበር" አሉን ሽማግሌው። "አባቴ 'እንሂድ?' አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር ቀጠሮ አለኝ አልኩት። ስታዲየሙ ውስጥ ከሩቅ አየሁት። ብቻውን ቆሞ መርሐ ግብሩ ላይ ነጥብ ይጽፍ ነበር። ሄጄ አጠገቡ አልቆምኩም።"

የልጅ ልጄ ይህን ሲተረጉምልኝ ድምፁ ዝቅ አለ። ሽማግሌው ደብተሩን ዘግተው ሻይ ጨመሩልን። ወደ ቤት ስንሄድ ማናችንም አልተናገርንም።

አገሬ ልመለስ የቀረኝ ዘጠኝ ቀን ነበር። በዚያው ቅዳሜ ራሴ ቀስቅሼው ኬብል ካሩ ጋ ሄድን። ከመሬት ስንነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝና "እማማ፣ ዓይንሽን ክፈቺ፤ ስታዲየሙ የነበረው በዚያ በኩል ነው" አለኝ። ከፈትኩ። የሚታየው የቤት ጣሪያ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ረጅም ሰዓት አየሁት።

ዛሬ እሱም 16 ዓመት ሆኖታል። ስልክ ስንደውል ብዙውን ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ነው፤ ዕድሜው ነውና አልቀየምም። አንዳንዴ ግን እሱ ራሱ ይደውልና "እማማ፣ ያን ቀን ፈርተሽ ነበር አይደል?" ብሎ ይስቅብኛል።