ለአነስተኛ ስፒከሮች መቆሚያ ሲሠራ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መውጫ መንገዶች ላይ የሚገኙትና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤቶች በብዛት የሚታዩባቸው ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ለመስኮት የሚቆረጠው ቱቦላሬና ላሜራ፣ ልኩ በሚገባ ከታወቀ፣ ለቤት ውስጥ ስፒከር ጥሩ መቆሚያ ይወጣዋል።

በብዙ ሳሎኖች አነስተኛ ስፒከሮች የሚቀመጡት ቡፌ ላይ ወይም ወለል ላይ ነው። ሁለቱም አይስማሟቸውም። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን አጥብባ ወደ ፊት ትልከዋለች። በመሆኑም ስፒከሩ ወለል ላይ ሲሆን ድምፁ ወደ ሰሚው ጉልበት ያመራል፤ የዘፈኑ ቃልም ይደበዝዛል። ቡፌው ደግሞ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይርገበገባል፤ ሙዚቃ ሲከፈት ሲኒው ሲንቀጫቀጭ የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል።

የመቆሚያውን ቁመት ለማግኘት በተለመደው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ከወለል እስከ ጆሮ መለካት፣ ከዚያም ከስፒከሩ ታች እስከ ትዊተሯ መሀል ያለውን መቀነስ ይገባል። ጆሮ 95 ሴንቲ ሜትር፣ ትዊተሯ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆኑ መቆሚያው 65 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በበርጩማ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ይህ ይረዝማል።

ከድምፁ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው መውደቁ ነው፤ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት። ስፒከሩና መቆሚያው በአንድነት 10 ኪሎ ቢመዝኑ፣ የታችኛው ላሜራ ወርድ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ቁመታቸውም 1 ሜትር ቢሆን፣ ከላይኛው ጫፍ ላይ የአንድ ኪሎ ተኩል ያህል ግፊት ይጥላቸዋል። ይህን ያህል ጉልበት የሁለት ዓመት ሕፃንም አያጣውም። 8 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቱቦላሬ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ ግን ክብደቱ በ6 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ የታችኛው ላሜራ ወርድም ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ ለመጣል ከ3 ኪሎ የሚበልጥ ግፊት ያስፈልጋል። ጥንካሬው እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ የተጨመረው ወጪ ግን ጥቂት ላሜራና አሸዋ ብቻ ነው።

አሸዋው ሌላም ጥቅም አለው። ባዶ ቱቦላሬ በጣት ሲመታ እንደ ደወል ያቃጭላል፤ የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ይህን ንዝረት ወደ ሙቀት ይለውጡታል። እርጥብ አሸዋ ግን ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በበጋ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል፤ በክረምት በአሮጌ ምጣድ ማመስ ሳያስፈልግ አይቀርም።

በእንጨት ማሠራት ለሚሹ በአካባቢው በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ስለዚህ በጥላ ሥር በሚገባ ያልደረቀ ጣውላ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ከግድግዳ የሚኖረው ርቀትም ይታሰብበት። ስፒከሩ ግድግዳ ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል፤ 85 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ደግሞ ከግድግዳው የሚመለሰው ሞገድ በ100 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያዳክመዋል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ ማዳመጥ ከስሌት ይሻላል።

በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ወለል ላይ ለእግሩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ፣ ለበረባሶ የሚሆነው ዓይነት፣ በቂ ነው። ሽቦው ግን ተንጠልጥሎ ለሕፃን መጎተቻ እንዳይሆን ከኋላ ከቱቦላሬው ጋር ሊታሰር ይገባል።