«መያዣ» እና «ወለድ አገድ» በቤት ግዥ ብድር ውል

እነዚህን ሁለት ቃላት ተርጓሚ ሊያለዋውጣቸው አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መያዣን ከቁጥር 3041፣ ወለድ አገድን ከቁጥር 3117 ጀምሮ ለየብቻ ደንግጓል። በሐራ የመጀመሪያ ቤቱን በብድር የሚገዛ ሰው ቤቱን በመያዣ ቢሰጥ፣ እየኖረበት ዋናውን ከነወለዱ ይከፍላል፤ ቤቱ ለዕዳው የሚሸጠው ሳይከፍል ሲቀር ነው። በወለድ አገድ ግን ቤቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪውም በወለዱ ፈንታ ይገለገልበታል። ስሙም ከነገሩ ጋር ይስማማል፤ ወለዱ ታግዶ በቤቱ ጥቅም ተተክቷልና። አንዱ ለሌላው ከተተካ ገዥው ሊኖርበት የገዛውን ቤት ለመልቀቅ ፈረመ ማለት ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነም፣ በዚያው ውል «የመሬት ባለቤት» ከማለት «ባለይዞታ» ማለት ይሻላል።