የአሮጌ ፎቶግራፍ ምስክርነት

በየካ በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ አሮጌ ሣጥን ሲፈተሽ ፎቶግራፍ ተገኘ እንበል። ከበስተኋላ የእንጦጦ ተራራ ይታያል፤ ከፊት ባለው መንገድ ላይ የኋላ አካሏ ተለውጦ የተሠራ አንዲት ትንሽ መኪና ትጓዛለች። የቤቱ ሰዎች በመኪናዋ ዓይነትና በዘመኑ አልተስማሙም። እናንተ አስረዱ ብትባሉ ከምን ትጀምራላችሁ?

በመጀመሪያ በቀላሉ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ለዩ። ቀለም፣ የዕቃ መጫኛና መከላከያ በየጋራዡ ይለወጣሉ፤ የበር ማጠፊያና የፊት መስተዋት ቅርጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደ ወጡ ይቀራሉ። ለምሳሌ ያህል፣ በአዲስ አበባ በታክሲነት ያገለገለችው ፊያት 600 መሠራት የጀመረችው በ1947 ዓ.ም. ነው። እስከ 1956 ዓ.ም. ገደማ የበሮቿ ማጠፊያ በኋላ በኩል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ፊት ተዛወረ።

ሆኖም ይህ የሚነግረን መኪናዋ የተሠራችበትን እንጂ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ዘመን አይደለም። መኪናዋ ፊያት 600 ከሆነች ፎቶግራፉ ከ1947 ዓ.ም. በፊት ሊነሣ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ግን በማንኛውም ዓመት ሊነሣ ይችላል። ሌላውን ወሰን ከመንገዱ ፈልጉ። በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረው በ1956 ዓ.ም. ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉት መኪኖች ሁሉ ግራቸውን ይዘው ቢጓዙ ፎቶግራፉ ከዚያ በፊት የተነሣ ይመስላል። ነገር ግን ፎቶግራፍ ተገልብጦ ሊታተም ስለሚችል፣ የሰሌዳው ጽሑፍ በትክክል መነበቡን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ብቻውን ዘመን አይወስንም፤ ከአፄ ምኒልክ ጊዜ ጀምሮ ሲተከል የኖረ ነውና።

የኋላ አካሏን ለውጦ የሠራውስ ማን ነው? በአዲስ አበባ «ውይይት» እየተባለ ያገለገለውን ታክሲ አስታውሱ። ከፋብሪካ የወጣው የጭነት ፒክ አፕ ሆኖ ነው፤ ጣሪያና በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር የተሠራለት ግን በአገር ውስጥ ነው። ስሙንም ያገኘው ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ የብረት ሠራተኛውን ድካም መርሳት ይሆናል።

በመጨረሻም ግሱን ከማስረጃው ጋር አመዛዝኑ። በግልጽ የታየውን «ነው» በሉ፤ ብዙ ምልክቶች የደገፉትን «ሳይሆን አይቀርም»፤ በአንድ ምልክት ብቻ የተገመተውን «ሊሆን ይችላል»። ፎቶግራፉ ያልመሰከረውን አትጨምሩበት፤ ቤተሰቡ ለልጆቹ የሚያስተላልፈው እናንተ የጻፋችሁትን ነውና።