ውርጭ ከመድረሱ በፊት ቀኑን እንቁጠር

ወታደር ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የባላጋራውን መምጫ ሰዓት ማወቅ ነው። ይህ ትምህርት ለጓሮ አትክልትም እንደሚሠራ ልናሳስብ እንወዳለን። በደጋው አገር ለወራት የተደከመበትን ሰላጣ በአንድ ሌሊት የሚያጠፋው ውርጭ ነውና።

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘውን ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። በዚያ አካባቢ ዋናው የውርጭ ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ትለቃለች። ቀዝቃዛው አየርም ከባድ በመሆኑ ወደ ረባዳው ስፍራ ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ የተዳፋቱ መደብ ሲተርፍ የሸለቆው ሊመታ ይችላል።

እንግዲህ አቆጣጠሩ ከመዝሪያው ቀን ሳይሆን ከውርጩ ቀን ወደ ኋላ መሆን ይገባዋል። ሰላጣ በችግኝ መደብ 30 ቀን፣ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ 60 ቀን ያህል ይፈልጋል። ጥቅምት 5 ቀን ተነቅሎ እንዲያልቅ ከተፈለገ፣ የጳጉሜን 5 ቀኖች ጭምር ሲቆጠሩ፣ ዘሩ ሐምሌ 10 ቀን መዘራት፣ ችግኙም ነሐሴ 10 ቀን መዛወር አለበት። ወቅቱ ዝናብ የሚበዛበት በመሆኑ መደቡ ከፍ ብሎ ውሃ ማንጠፊያ ቦይ ሊበጅለት ያስፈልጋል።

ጎመን ግን ጠንካራ ነው። በነሐሴ ተተክሎ ሥሩን አስቀድሞ ከሰደደ ቀላል ውርጭ አይጥለውም፤ እንዲያውም ብርዱ ቅጠሉን ያጣፍጠዋል። ስለሆነም በኅዳርና በታኅሣሥ የጦር ሰፈሩም ሆነ የከተማው ቤተሰብ ወጥ በጎመን ላይ ቢመሠረት ይመረጣል። ሰላጣ እንደገና የሚዛወረው ውርጩ ሲያልፍ በየካቲት ነው።

ውርጭ ሳይታሰብ ቢመጣስ? እርጥብ መሬት ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ፣ ጠዋት ወይም ቀትር ላይ መደቡን ማጠጣት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሣር ወይም በጆንያ መሸፈን፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላም መግለጥ ነው። የአየሩ መለኪያ 3 ዲግሪ እያሳየ እንኳ መሬት ላይ ውርጭ ሊያርፍ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

በየጦር ክፍሉና በየቤቱ አንድ ደብተር ተከፍቶ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ውርጭ ያረፈበት ቀን በየዓመቱ እንዲመዘገብ እናሳስባለን። የጎረቤት መደብ ቀን ለእኛ መደብ አይሆንምና፣ የጥቂት ዓመታት መዝገብ ችግኙንም ድካሙንም ያድናል፤ በጉልት አትክልት ሸጣ ለምታድረው እናትም ከባዶ መደብ ይጠብቃታል።