በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የእሳት አደጋና ነፍስ አድን ሥራ

በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚካሄድ የእሳት ማጥፋትና የነፍስ አድን ሥራ፣ ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀስ የማይችሉ ብዙ ሰዎች በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ እሳት ሲነሳ ነዋሪዎቹን ለማትረፍ የሚከናወን ተግባር ነው። በትምህርት ቤት ወይም በቢሮ የሚሠራው «ደወሉ ሲጮህ ሁሉም ይውጣ» የሚለው ደንብ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የእሳት አደጋ መኪና ሲደርስ አይደለም። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ተረኛ ሠራተኞች የሚያደርጉት፣ የበሮች መዘጋትና በጣሪያ ላይ የተገጠመ የውሃ መርጫ መኖር የብዙዎችን ዕጣ ይወስናሉ።

ሥራውን የሚያከብዱ ነገሮች

ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ አልጋ ላይ የዋሉ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ሲተኙ የመስሚያ መሣሪያቸውን ስለሚያወልቁ ደወሉን አይሰሙም። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ደወሉን ቢሰማም ምን ማለት እንደሆነ ላይረዳ፣ ሊደበቅ፣ ወይም ከወጣ በኋላ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችላል። አንድን ሰው ከአልጋ አንስቶ ለማሸሽ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሌሊት ግን የሠራተኛው ቁጥር ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ችግር ጭስ ነው። በሕንፃ እሳት ብዙ ሰው የሚሞተው ነበልባል ነክቶት ሳይሆን ጭስ አፍኖት ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅንን ቦታ በደም ውስጥ ይይዛል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ይህን የሚቋቋሙት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ለመተንፈሻ የሚሰጥ ኦክስጅንም ራሱ የሚነድ ባይሆንም በአቅራቢያው ያለው ነገር በፍጥነት እንዲነድ ያደርጋል።

ወደ ጎን ማሸሽ

በዚህ ምክንያት የተለመደው ዘዴ ነዋሪዎችን በቀጥታ ወደ ግቢ ማውጣት ሳይሆን በዚያው ፎቅ ላይ ወዳለው ቀጣይ ክፍለ ሕንፃ ማሸሽ ነው። ለዚህም እያንዳንዱ ፎቅ እሳትና ጭስ በሚያግዱ ግድግዳዎችና በሮች ይከፋፈላል። አደጋው ካልቆመ ወደሚቀጥለው ክፍል፣ በመጨረሻም ወደ ውጭ ይወጣሉ።

ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ቅደም ተከተል በአጭሩ እንዲህ ነው፦

1. እሳቱ ባለበት ክፍል ያለውን ሰው ማውጣት፤
2. ደወሉን ማሰማትና ወዲያው ለእሳት አደጋ መደወል፤
3. የክፍሉንም ሆነ የሌሎቹን ክፍሎች በር መዝጋት፤
4. እሳቱ ትንሽ ከሆነ ብቻ በእጅ ማጥፊያ ማጥፋት።

ሦስተኛው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ጥቅም አለው። የተዘጋ በር ጭሱን ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያግድ በውስጥ ያለው ሰው እስኪደረስለት ድረስ መተንፈስ ይችላል።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ

አዛዡ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ነዋሪ እንዳለ፣ እሳቱ የት እንደሆነና እነማን እንደወጡ ነው። አንዱ ቡድን በውኃ ቱቦ እሳቱን ከተነሳበት ክፍል እንዳይወጣ ሲይዝ፣ ሌላው ፍለጋ ይጀምራል። ፍለጋው ለእሳቱ ከሚቀርቡት ክፍሎች ተነስቶ ወደ ራቁት ይሄዳል፤ የተፈተሸ ክፍል በሩ ላይ ምልክት ይደረግበታል። መራመድ የማይችል ሰው በአንሶላ፣ በፍራሽ ወይም ለዚሁ በተሠራ መጎተቻ ጨርቅ ወለል ለወለል ይጎተታል። የወጡትም ብርድ እንዳይመታቸው መጠለያ፣ እንዲሁም ስማቸውና መድኃኒታቸው የተጻፈበት መዝገብ ያስፈልጋቸዋል።

የታወቁ አደጋዎች

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2004 ከንጋት በፊት በስኮትላንድ፣ አዲንግስተን አካባቢ በሚገኘው ሮዝፓርክ መጦሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ካለበት ቁም ሣጥን እሳት ተነሳ። እሳቱ ብዙ አልተስፋፋም፤ ነገር ግን የመኝታ ክፍሎች በሮች ክፍት ስለነበሩ ጭሱ ኮሪደሩን አልፎ ወደ ክፍሎቹ ገባና 14 አረጋውያን ሞቱ። ደወሉ ቢጮህም ሠራተኞቹ እሳቱ የት እንደሆነ ፈልገው ለማግኘት ሲሞክሩ፣ ለእሳት አደጋ የተደወለው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የፍርድ ምርመራ ውጤት፣ በቂ የእሳት ደኅንነት ዕቅድ ቢኖር ኖሮ ከሟቾቹ የተወሰኑት ወይም ሁሉም ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ደምድሟል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2007 በደቡብ ሩሲያ፣ ካሚሸቫትስካያ መንደር በሚገኝ መጦሪያ ቤት በተነሳ እሳት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቅርቡ የእሳት አደጋ ጣቢያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 2014 ደግሞ በካናዳ ኬቤክ፣ ሊል ቬርት በተባለች ትንሽ ከተማ 32 ሰዎች ሞቱ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዝ ነበር። ሕንፃው ሁለት ክፍል ነበረው፤ አዲሱ ክፍል የውሃ መርጫ ሲኖረው አሮጌው አልነበረውም። በመካከላቸው እሳት የሚያግድ ግድግዳ ነበር። አሮጌው ክፍል ሲወድም አዲሱ ክፍል ቆሞ ቀረ። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ እሳት የታየው ይህ ልዩነት የመርጫውንና የግድግዳውን ጥቅም በግልጽ አሳይቷል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በስኮትላንድ ከ2005 ጀምሮ አዲስ የሚሠሩ መጦሪያ ቤቶች የውሃ መርጫ እንዲኖራቸው ሕግ ወጥቷል። በአሜሪካም የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን የሚከፍልላቸው መጦሪያ ቤቶች በሙሉ እስከ ነሐሴ 13 ቀን 2013 መርጫ እንዲገጥሙ ታዟል። እዚያ በየፈረቃው በየሦስት ወሩ የእሳት ልምምድ ማድረግም ግዴታ ነው። የሌሊቱ ፈረቃ ለብቻው የሚለማመደው፣ ሠራተኛው ጥቂት በሚሆንበትና ነዋሪው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ማን የትኛውን በር እንደሚዘጋና ማን እንደሚደውል አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው።