ጃፓንኛ ለአርብ ገበያ ልጅ

በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶክዮ ከተማ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባገኘ ጊዜ ጃፓኖች ስሙን የጻፉት በራሳቸው ፊደል ነበር። ያን ጽሕፈት ፊደል በፊደል ወደ እኛ ብንመልሰው «አቤቤ ቢኪራ» የሚል ይሆናል። አንባቢ ይህን የማተሚያ ቤት ስሕተት አድርጎ እንዳይገምተው። በጃፓን ቋንቋ እኛ ግዕዝ የምንለው የመጀመሪያው ድምፅ የለም፤ ስለዚህ «በ» ወደ «ቤ» ይዞራል። «ላ» የለም፤ «ራ» ይተካዋል። ጠንከር ብሎ የሚወጣው «ቂ» የለም፤ «ኪ» ይበቃዋል። ሳድስም ቢሆን ከ«ን» በቀር ብቻውን አይቆምም። በዚሁ ሕግ መሠረት አርብ ገበያ በጃፓኖች ፊደል ብትጻፍ «አሩቡ ጌቤያ»፣ ጋይንትም «ጋይንቶ» ትባላለች ማለት ነው።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። ይኸውም፣ ከላይ ያለውን ለውጥ ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አላስፈለገንም። ሀሁን የቈጠረ ሁሉ ሊከተለው ይችላል።

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት፤ በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ ትገኛለች፤ ከወረዳው በስተ ደቡብ በሽሎን የተሻገረ ሰው ወሎ ገባ ማለት ነው። እንዲህ ባለ የገበያ ከተማ እህልና ሸቀጥ የሚያመላልሰውን የጃፓን የጭነት መኪና የማያውቅ ልጅ የለም። ሁላችንም «አይሱዙ» እንለዋለን። ጃፓኖቹ ግን የሚሉት «ኢሱዙ» ነው፤ በኢሴ ከታላቁ ቤተ መቅደሳቸው አጠገብ የሚወርድ ወንዝ ስም ነው። «አይ» የሚለውን ከየት አመጣነው ቢሉ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውን እንደ እንግሊዝኛ ስላነበብነው ነው። መኪናው በቀጥታ መጣ፤ ስሙ ግን በእንግሊዝ አገር በኩል ዞሮ ደረሰን። በቋንቋው ትምህርት ላይ የደረሰውም ይኸው ይመስለኛል።

እስቲ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት የአርብ ገበያ ልጅ በሐሳባችን እንያዝ። አኒሜ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ፊልም በእጅ ስልክ አይቶ ቋንቋው ጆሮው ውስጥ ገብቷል። የጃፓን መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄዱትም የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ በመማር እንደሚያሳልፉ ሰምቷል። ስለዚህ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት ከስልኩ ላይ ይፈልጋል። የሚያገኘው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛውን ራሱን ገና በመማር ላይ ነውና አንዱን ያልታወቀ ነገር በሌላ ባልታወቀ ነገር ሊፈታ ይታገላል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብተሩን ያጥፍና «ጃፓንኛ ከባድ ነው» ይላል።

ከባድ የሆነው ግን ለማን ነው? ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ልጅ ነው። ስለዚህ አምስት ገጽ ሙሉ «በዚህ ቋንቋ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አትደንግጡ» እያለ ያጽናናል። የጋይንት ልጅ ምን ያስደነግጠዋል? እርሱ ከተወለደ ጀምሮ ግሡን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ ኖሯል።

በምሳሌ እንየው። «ኮሬ ዋ ሆን ዴስ» ማለት «ይህ መጽሐፍ ነው» ማለት ነው። «ኮሬ» ይህ፣ «ሆን» መጽሐፍ፣ «ዴስ» ነው፤ «ዋ» የተባለችውም «ይህስ» ስንል እንደምንጨምራት «ስ» የነገሩን መነሻ የምታመለክት ናት። ጥያቄ ሲሆን መጨረሻው ላይ «ካ» ይጨመራል፦ «ኮሬ ዋ ሆን ዴስ ካ»። በእኛም «ይህ መጽሐፍ ነው ወይ»። ቃሉ በቃሉ ልክ ቁጭ ይላል። መጽሐፍ መኖሩን ለመናገር ሲፈለግ ደግሞ «ሆን ጋ አሪማስ»፣ «መጽሐፍ አለ»። የእንግሊዝ ልጅ ለ«ነው»ም ለ«አለ»ም አንድ ግሥ ስላለው ሁለቱን ለመለየት ሳምንት ይፈጅበታል፤ የእኛ ልጅ ግን ልዩነቱን ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ጨርሶታል። አዲስ የሚሆንበት ጃፓኖች ነፍስ ላለው «ኢማስ»፣ ነፍስ ለሌለው «አሪማስ» ማለታቸው ብቻ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለውን ጃፓኖች «ኪኖ ካታ ሆን» ይሉታል፤ «ታ» ይጠብቃል። ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ፤ ሰልፉ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን መጽሐፉ ፊት ቀድሞ ትናንት ከኋላ ይከተላል። እንግዲህ ልጁ አማርኛውን በአእምሮው ገልብጦ እንግሊዝኛ ያደርጋል፣ እንግሊዝኛውን እንደገና ገልብጦ ጃፓንኛ ያደርጋል፤ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ የሚደርሰው ከተነሣበት ቦታ ነው። ይህን ያህል ጉልበት ማባከን ምን ይባላል?

ግሡም ቢሆን ለእኛ ያዝንልናል። ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄደች፣ ሄዱ የምንለውን ሁሉ ጃፓናዊው «ኢኪማሽታ» ብሎ ይገላገለዋል፤ ማን እንደ ሄደ ከነገሩ ይታወቃል። የወንድና የሴት ልዩነት በግሡ የለም። ስለ አማርኛ ግሥ ያለቀሰ የውጭ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ወደ ፊደሉ እንመለስ። ጃፓኖች ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ ሁለት የፊደል ገበታዎች አሏቸው፤ እያንዳንዳቸው 46 ፊደል አላቸው። ሂራጋና ለራሳቸው ቃል ነው፤ ካታካና በተለይ ከውጭ ለመጣ ስምና ቃል ነው፤ አበበም የተጻፈው በዚህኛው ነበር። እንደ እኛው አንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። አናባቢዎቹ አምስት ሲሆኑ ሰልፋቸው ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ራብዕ፣ ሣልስ፣ ካዕብ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ ማለት ነው። ከሰባቱ ቤት ግዕዝንና ሳድስን ካነሣን የቀረው የጃፓን ገበታ ነው። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። በጥቂት ቦታ ብቻ ያፈነግጣል፤ «ሲ» በሚገባበት «ሺ»፣ «ቲ» በሚገባበት «ቺ» ይላል። እኛ ከ«ሰ» ላይ ሰረዝ ጨምረን «ሸ»፣ ከ«ነ» ላይ «ኘ» እንዳወጣን፣ እነርሱም በ«ካ» ትከሻ ላይ ሁለት ጭረት ጣል አድርገው «ጋ»፣ ከ«ሳ» «ዛ»፣ ከ«ታ» «ዳ» ያወጣሉ። እኛ ሀሁና አቡጊዳ የሚባሉ ሁለት ሰልፎች እንዳሉን እነርሱም ከዛሬው ሰልፍ ሌላ «ኢሮሃ» የሚባል የጥንት ሰልፍ አላቸው። 33 ፊደል በ7 ቤት፣ 231 ጊዜ እየጮኸ የቈጠረ ልጅ 92 ፊደል ቢያስፈራው አይፈረድለትም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። የእኛ «ከ»፣ «ኩ»፣ «ኪ» መልካቸው የአንድ እናት ልጆች እንደ ሆኑ ያስታውቃል። የጃፓኑ «ካ» እና «ኪ» በመልክ አይዛመዱም፤ እያንዳንዱ ለብቻው መጠናት አለበት። ደግሞም ጃፓንኛን በእኛ ፊደል እየጻፉ መማር ለሁለትና ለሦስት ቀን መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ ሊሆን አይችልም። ከዚያ በኋላ ክራንች ይሆናል።

ጆሮስ? መጥበቅና መላላትን የሚያውቅ ጆሮ ትልቅ ሀብት ነው። እኛ «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን እንደምንረዳ፣ ጃፓኖች «ኪቴ» ሲሉ ቢላላ «መጥቶ»፣ ቢጠብቅ የፖስታ ቴምብር ይሆናል። እንዲያውም እነርሱ መጥበቁን በትንሽ ፊደል ምልክት ያደርጉለታል፤ እኛ ይህን እስከ ዛሬ ለአንባቢው ትተንለታል። የሚያስቸግረን የአናባቢው መርዘም ነው። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ባ»ን ያስረዘመ ሰው ግን አያት አደረጋት። በዚህ የተቀየመች አክስት ብትኖር አያስደንቅም።

የአክብሮት ነገር ደግሞ ለጋይንት ልጅ አይነገረውም። ታላቁን «አንቱ» ብሎ ያደገ ልጅ፣ ሰው ሲከበር ግሡም አብሮ እንደሚከበር ያውቃል። ጃፓንኛ በዚህ ላይ አንድ እርከን ይጨምራል፤ ሌላውን ከፍ ማድረጊያ ቃል ብቻ ሳይሆን ራስን ዝቅ ማድረጊያ ቃልም አለው። ትልቅ ሰው ሲበላ «ሜሺአጋሩ» ነው፤ እኔ ስበላ «ኢታዳኩ» ነው፤ እንዲሁ መብላት ደግሞ «ታቤሩ» ነው። ሲቈጥሩም እኛ «አንድ ጥማድ በሬ» እንደምንለው ለጠፍጣፋው፣ ለረጅሙ፣ ለሰውና ለእንስሳው የተለያየ መቍጠሪያ አላቸው። ይህ ቀስ ብሎ ይለመዳል።

እውነተኛው ዳገት ካንጂ የሚባለው ከቻይና የመጣው የጽሕፈት ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ምልክት ድምፅን ሳይሆን ቃልን ይወክላል። በጃፓን የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ በአንደኛው ዓመት 80፣ በስድስት ዓመት 1,026 ይማራል፤ ለጠቅላላ አገልግሎት ተብሎ በመንግሥት የተወሰነው 2,136 ነው። ተማሪን ይበልጥ የሚያደናግረው ደግሞ አንዱ ምልክት ሁለትና ከዚያ በላይ ንባብ ያለው መሆኑ ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማል። ለእኛ ልጅ ግን ፩ን ማሳየት ይበቃል። ይህን ምልክት ካህኑ «አሐዱ» ይለዋል፣ ነጋዴው «አንድ» ይለዋል፤ ምልክቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት፤ አንዱ ከግዕዝ፣ ሌላው ከአማርኛ። ጃፓናዊውም አንድ ቍጥርን እንደ ቻይና «ኢቺ»፣ እንደ አገሩ «ሂቶትሱ» ይለዋል። ዘዴው ይህ ነው፤ ብዛቱ ግን ያው ነው፤ ዓመታት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ለአንድ ትምህርት ዓመታት መስጠት በጋይንት እንግዳ ነገር አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያሉት በዚሁ አገር ነው፤ ተማሪ ከሩቅ ክፍለ ሀገር በእግሩ እየመጣ የኖረውም ይህንኑ ፈልጎ ነው።

ታዲያ ጃፓንኛ በአማርኛ በኩል ለምን አልተማርነውም? ጃፓንን ሳናውቃት ቀርተን አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አርአያ ያደረገው በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ተልከው አገሪቱን ጐብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉም ወደ ጃፓንኛ ተተረጐመ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። ሁሉም የጠየቁት እንዴት ሠለጠኑ የሚለውን ነው፤ እንዴት ይናገራሉ የሚለው ጥያቄ በመካከል ቀረ። በእኔ አስተያየት አድናቆታችን ከፋብሪካው በር አላለፈም።

ጃፓኖቹ ግን ወደ እኛ ሲመጡ ቋንቋውን አልዘለሉትም። በ1960ዎቹ ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት በየገጠሩ ከዞሩት መካከል የጃፓን ወጣት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ገበሬውን ቶክዮ ላይ በተማሩት እንግሊዝኛ ሊያነጋግሩት አይችሉም ነበር። በእኛም ዘመን ኢትሱሺ ካዋሴ የተባለ የኦሳካ ብሔራዊ የባሕል ቤተ መዘክር ተመራማሪ ጎንደር ገብቶ ስለ አዝማሪዎችና በማለዳ ስለሚለምኑት ላሊበሎች አጥንቷል፤ ፊልምም ሠርቷል። የአዝማሪን ቅኔ በአስተርጓሚ ልማር የሚል ሰው ምን ያህል ይዞ እንደሚመለስ የጎንደር ሰው ያውቀዋል።

በመሥሪያ ቤት ያለው አንባቢዬ «እኔ ከጃፓንኛ ምን አለኝ» ይል ይሆናል። ዓይኑን ወደ ቢሮው ግድግዳ ቢመልስ ካይዘን የሚለው ቃል ተሰቅሎ ሳያገኘው አይቀርም። «ካይ» ለውጥ፣ «ዘን» መልካም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ ማዎች የማይታወቁበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የጃፓንኛዎቹ አምስት ቃላት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ በዚያው ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ለማግኘት ሲለቃቅም ታይቷል። የእኛው ሰው ግን ያንን ፊደል ትቶ አምስቱንም በ«ማ» አስጀመረና በሠራተኛው አፍ የሚቀር ነገር አወጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል ለማለት አልደፍርም፤ ትርጒሙ ግን ሸጋ ነው። ይህን የመሰለ ሥራ ለጀማሪ ተማሪ ቢሠራለት፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ በ«ነው ወይ» እና በ፩ የሚያስረዳ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ቢወጣለት፣ ያ ልጅ በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብተሩን ባላጠፈ ነበር።

መጽሐፉ እስኪወጣ ድረስ ትምህርት ቤት በተዘጋበትም በተከፈተበትም ጊዜ የሚሆን የሁለት ምሽት ሥራ እነሆ። በመጀመሪያው ምሽት ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦን፣ በሁለተኛው ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮን በጃፓኑ መልክ፣ ከስልኩ እየተመለከተ፣ የመስመሩን ቅደም ተከተል ሳያፋልስ በእርሳስ እየደጋገመ ይጻፍ። ከእነዚህ ከዐሥሩ ፊደሎች ብቻ የሚወጡ ቃላት አሉ። «አካ» ቀይ፣ «አኦ» ሰማያዊ፣ «ኪ» ዛፍ፣ «ኢኤ» ቤት፣ «ካኦ» ፊት፣ «ኮኤ» ድምፅ። «ኤኪ» የባቡር ጣቢያ ነው፤ ጋይንት ውስጥ የሚያሳየው ስለሌለ ይህችን በቃሉ ይያዛት።